ሐይቅ ለአባባ ሙጬ

ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የማወራት አንዲት ወሬ አለችኝ። ጠጋ በሉ፤ ብርድ ልብሱንም ሳብ አድርጉት።

ጠብ! ጠብ! ጠብ! ሰማችሁ? በቃ፣ ዘነበ። እንግዲህ ላውራችሁ።

በጣና ሐይቅ ዳር እናኑ የምትባል ልጅ ነበረች። ስትስቅ ጎረቤት ሁሉ ይሰማት ነበር።

በዚያ ክረምት ግን እናኑ አልሳቀችም። የሚያስቅ ነገርስ መቼ ተገኘና!

ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ወረደ። ጠብ! ጠብ! ጠብ! ሲለው ደግሞ ዷ! ዷ! ዷ!

ሐይቁ ዝናቡን ጠጣ፣ ጠጣና አበጠ። ዳሩን አለፈ። ሣሩን አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ማንም ግባ ሳይለው፣ በእናኑ ቤት በር ዘው ብሎ ገባ።

«ኧረ ጫማዬ!» ብላ ጮኸች እናኑ። አንዱ ጫማዋ አልጋው ሥር እየዋኘ ነበር።

እማዬ ድስቱንና ፍራሹን ተሸከመች። እናኑ ድመቷን አቀፈች፤ ዶሮዋን ደግሞ በቅርጫት ያዘች።

አባባ ሙጬን ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸከሙ። «ቀስ! ቀስ! እንዳያዳልጣችሁ!» እየተባባሉ በጭቃው ውስጥ ሄዱ።

አባባ ሙጬ የእማዬ አባት፣ የእናኑ አያት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በደንገል ታንኳ ሰው ሐይቁ መሐል ወዳለው ደሴት ሲያሻግሩ ኖሩ። አሁን ግን አርጅተዋል፤ እግራቸው እምቢ ብሏቸዋል።

ቢሆንም በአሮጌው ቤት አልጋቸው በር ዳር ነበር። በሩ ሲከፈት ሐይቁ ፊት ለፊት ይታያል።

«እዪ፣ እናኑ!» ይሉ ነበር በየማለዳው። «ዛሬ ንፋስ አለ። ዛሬ ዓሣው ዳር ወጥቷል። ዛሬ ደግሞ ጉማሬው ተቆጥቷል፤ እንዳትጠጊ!» አፋቸው አያርፍም ነበር።

አዲሱ ቤት ከሐይቁ ርቆ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ቤት ከተባለ ነው እንግዲህ! አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንዲት ትንሽ መስኮት።

መስኮቷ ስትከፈት ምን ታሳያለች? የጎረቤት አጥር። ዝገት የበላው ቆርቆሮ፤ ሌላ ምንም።

አባባ ሙጬ ቆርቆሮውን አዩት። አንዴ ተነፈሱ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አሉ።

«አባባ፣ ዛሬ ንፋስ አለ?» ትላለች እናኑ። ዝም።

«አባባ፣ ዓሣው የት ወጣ?» ዝም።

«አባባ፣ ጉማሬው ምን ሆነ?» ዝም።

ጠብ! ጠብ! ጠብ! በዚያ ቤት ውስጥ የሚያወራው ዝናቡ ብቻ ሆነ።

እማዬ አጥሚት ሠራች። ማር ጠብ አደረገችበት። «አባቴ፣ እባክዎ ወደዚህ ይዙሩ። ትንሽ ይቅመሱልኝ» አለች።

አባባ ሙጬ አልዞሩም። እማዬ በማንኪያ አፋቸው ድረስ አደረሰችላቸው። አንዴ ቀመሱና ተዉት።

እማዬ ወደ ደጅ ወጣች። እናኑ ተከተለቻት። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

«አባባ ታመው ነው?» አለች እናኑ።

«ሐይቁ ናፍቋቸው ነው፣ ልጄ። ሰው ሲከፋው እህል አይወርድለትም። እህል እምቢ ካሉ ደግሞ…» እማዬ ወሬዋን አልጨረሰችውም።

እናኑ የእማዬን ነጠላ ጫፍ ያዘች። ያልተጨረሰው ወሬ ምን እንደሆነ ገብቷታል።

«ታዲያ ሐይቁን እናምጣላቸዋ!» አለች።

«አይ ልጄ!» አለች እማዬ። «ሐይቅ በምን ይመጣል?»

በምን ይመጣል? እናኑ ቆማ አሰበች። ሐይቅ ማለት ውሃ አይደል? ውሃ ደግሞ በጆግ ይመጣል!

ጆጉን አነሣች። ዝናብ እንዳይመታት ፌስታል አናቷ ላይ ደፋች። ቸብ! ቸብ! ቸብ! ጭቃውን እየረገጠች ወደ ሐይቁ ወረደች።

ጆጉን ሞላች። ቸብ! ቸብ! ቸብ! ተመልሳ መጣች። ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹ ግን ደረሰ።

ውሃውን ሳፋ ላይ ገለበጠችው። ሳፋውን አባባ ሙጬ አልጋ አጠገብ አስቀመጠች።

«አባባ! ይነሡ! ሐይቁ መጥቷል!»

አባባ ሙጬ ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሳፋውን አዩት።

ውሃው ጭቃ መልክ ነው። አንዲት የረጠበች ቅጠል መሐሉ ላይ ትዞራለች።

«ብርሃን የለውም» አሉ አባባ ሙጬ። ድምፃቸው ትንሽ ነበር። ያንን ብቻ ተናገሩና ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

እናኑ ሳፋውን አየችው። እውነታቸውን ነው። ውሃው አለ፤ ብርሃኑ ግን የለም።

እንግዲያው ብርሃኑን መፈለግ ነው! «ብርሃን፣ ብርሃን፣ ወዴት ገባህ?» አለች እናኑ።

አልጋው ሥር አየች። የለም። ድስቱን ከፈተች። የለም። ወደ ሰማይ አንጋጠጠች።

ሰማዩ የጠቆረ ድስት መስሏል። ጠብ! አንዲት ጠብታ አፍንጫዋ ላይ አረፈች።

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት።

ሐይቁ ዳር፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ፣ ሰዎች መርከብ የሚጠብቁበት አሮጌ አዳራሽ አለ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል አለ። የሥዕሉ ሐይቅ ያበራል፤ በክረምትም ያበራል።

እናኑ ፌስታሏን አናቷ ላይ ደፋች። ቸብ! ቸብ! ቸብ! ሄደች።

አዳራሹ ባዶ ነበር። በዚህ ማዕበል ማን ይሳፈራል? እትዬ ጥጊቱ ብቻ ነበሩ። አዳራሹን የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። ሸር! ሸር! ሸር! ይላል መጥረጊያቸው።

«ቁሚ እዚያው!» አሉ እትዬ ጥጊቱ። «ያንን ጭቃሽን ይዘሽ እንዳትገቢ! አሁን ነው የጠረግሁት!»

እናኑ እግሯን ጠረገች። ደግማ ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ገባችና ወደ ግድግዳው አየች።

በሥዕሉ ውስጥ ጥቁር ተራራ አለ። ጥቁር ደንገል አለ። ጥልቅ፣ ጥቁር ውሃ አለ። በዚያ ውሃ መሐል ግን ብርሃን ወርዶ ተኝቷል። የማለዳ ብርሃን!

እናኑ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ብርሃኑ አሁንም አለ።

«እትዬ ጥጊቱ፣ ይሄንን ማን ሣለው?»

«አለቃ ደርሶ ናቸዋ! ነፍሳቸውን ይማርና!» እትዬ ጥጊቱ መጥረጊያቸውን ተደገፉ። «አንቺን ሳክል መሰላል ላይ ቆመው ሲሥሉ አይቻቸዋለሁ። እንደሳቸው ያለ ሠዓሊ በዚህ አገር አልበቀለም።»

«ሌላስ ምን ሣሉ?»

«ምን ሌላ አለ! ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ አሁንም ሐይቅ! ሰው መጥቶ ‹አለቃ፣ መልኬን ይሣሉልኝ› ሲላቸው ‹ቆይ፣ መጀመሪያ ውሃው ይድረቅልኝ› ይሉ ነበር።»

እናኑ ልትስቅ ነበር። አባባ ሙጬ ትዝ አሏትና ተወችው።

«ብርሃኑንስ ከየት አመጡት?» አለች።

«እኔ ምን አውቅልሽ! ብቻ ቀለማቸውን በእንቁላል ሲለውሱ አይቻለሁ። በአስኳሉ። እንዲህ እያደረጉ…»

እናኑ የቀረውን አልሰማችም። በሩ ጋ ደርሳለች!

«ቀለሙ እንዲጣበቅ እኮ ነው!» ብለው ተጣሩ እትዬ ጥጊቱ። «አንቺ ልጅ! ወዴት ነው?»

ቸብ! ቸብ! ቸብ! እናኑ ትሮጣለች። «አስኳል ቢጫ ነው! ፀሐይም ቢጫ ናት! ብርሃኑ ለካ እንቁላል ውስጥ ነው!»

ዶሮዋ ቅርጫቷ ውስጥ ቁጭ ብላለች። እንቁላሎቿን ከታቀፈች ገና አንድ ቀኗ ነው።

እናኑ እጇን ሰደደች። «ካክ! ካክ! ካካካክ!» አለች ዶሮዋ። ክንፏን ዘረጋች። እናኑ ግን አንዱን አወጣች።

ቀጭ! ሰበረችው። ካርቶን አመጣችና አስኳሉን በጣቷ ቀባችው። ወዲህ ቀባች፤ ወዲያ ቀባች።

ካርቶኑ በራ! ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ ቢጫ! «አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ! እስኪደርቅ ነው!» አለች እናኑ።

ዝዝዝዝ! አንዲት ዝንብ መጣች። ዝዝዝዝ! ጓደኛዋን ጠራች። ዝዝዝዝዝ! ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ።

ከዝንቦቹ ኋላ ደግሞ ማን መጣ? ድመቷ። ምላሷን አወጣችና ልስ፣ ልስ፣ ልስ!

«ሂጂ! ዞር በዪ!» አለች እናኑ። ድመቷ ማንን ሰምታ! ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ላሰችው።

የቀረው የረጠበ ካርቶን ብቻ ሆነ። እሱም ይሸታል፤ ደስ አይልም።

እማዬ ከገበያ ተመለሰች። የእንቁላሉን ቅርፊት አየች። ዶሮዋን አየች። እናኑን አየች።

«ከታቀፈችው ላይ አነሣሽ?» አለች። «ጫጩት ሊሆን የነበረውን?»

እናኑ አቀረቀረች። ጫጩቱን አላሰበችውም ነበር። አሁን ግን አሰበችው፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ጺው ጺው የሚል።

አለቀሰች። ለጫጩቱ አለቀሰች። ለአባባ ሙጬም አለቀሰች። እማዬ ልትቆጣ ነበር፤ ግን አላስቻላትም፤ ጉያዋ ውስጥ አስገባቻት።

በዚያ ምሽት አባባ ሙጬ አጥሚቱን አልቀመሱም። ማንኪያው እንደሞላ ተመለሰ።

ጠብ! ጠብ! ጠብ! ዝናቡ ብቻ ያወራል።

ነጋ። ነጋ ከተባለ ነው፤ ሰማዩ ያው ነው። እናኑ ፌስታሏን አናቷ ላይ ደፍታ ወደ አዳራሹ ሄደች።

እግሯን ጠረገች። ደግማ ጠረገች። እትዬ ጥጊቱ አዩዋት፤ ፊቷን አይተው ዝም አሉ። ዝም ማለት የማይሆንላቸው እትዬ ጥጊቱ!

እናኑ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሥዕሉን አየች። «ብርሃን፣ ብርሃን፣ ወዴት ነህ? አለቃ ደርሶ ከየት አመጡህ?»

ሥዕሉ አይናገር። አለቃ ደርሶም ከሞቱ ቆይተዋል፤ አይጠየቁ።

ታዲያ እናኑ ምን ታድርግ? ወንበሩ ላይ ወጣች። በእግሯ ጣቶች ቆመች። ተንጠራራች።

በጣቷ ጥቁሩን ውሃ ነካችው። ልሙጥ ነው። ቀለሙ ወፍራም ነው፤ ብዙ ጊዜ ተደራርቦ ተቀብቷል።

ከዚያ ብርሃኑን ነካችው። ሻካራ ነው! ጣቷን ብታየው ነጭ ዱቄት ይዟል።

«ውረጂ ከዚያ! ልትሰበሪ ነው!» አሉ እትዬ ጥጊቱ።

«እትዬ ጥጊቱ፣ እዚህ ጋ ቀለም የለም!»

«የት ጋ?»

«ብርሃኑ ላይ! ምንም አልተቀባም! ግድግዳው ራሱ ነው!»

እትዬ ጥጊቱ መጥረጊያቸውን ጣሉ። መጥተው በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ኖራ!» አሉ። «ወይ አለቃ! ወይ አለቃ ደርሶ! ነጩን ኖራ እንዲሁ ትተውልን ሄደው ኖሯል!»

«ጥቁሩን ግን ብዙ ቀብተዋል» አለች እናኑ።

«ጥቁሩንማ አልሰሰቱም» አሉ እትዬ ጥጊቱ።

እናኑ አሁን ገባት። አለቃ ደርሶ ብርሃኑን አልቀቡትም። ጨለማውን ዙሪያውን ሣሉ፤ ብርሃኑን ግን ተዉት።

ቸብ! ቸብ! ቸብ! ቸብ! እንዲህ ሮጣ አታውቅም።

ቤት ደረሰች። ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ከሚስማሩ አወረደች። ጀርባውን ገለበጠችው። ነጭ ነው፤ ጥርት ያለ ነጭ።

ከምድጃው ከሰል አመጣች። በድንጋይ ወቀጠችው። ኳ! ኳ! ኳ! በውሃ በጠበጠችው። እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠመጠመችና ነከረችው።

መጀመሪያ ተራራውን ሣለች፤ ጥቁር። ከዚያ ደንገሉን፤ ጥቁር። ንፋስ እንዲኖረው ጎንበስ አደረገችው።

ከዚያ ውሃውን ጀመረች። ጥቁር ውሃ ለመሣል እናኑ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ዝናቡን አሰበች። የዛገውን ቆርቆሮ አሰበች። ያልተፈለፈለውን ጫጩት አሰበች። የአባባን ዝምታ አሰበች። ያዘነችበትን ሁሉ ውሃው ውስጥ ከተተችው።

መሐሉ ላይ ግን ነጭ ቀረ። እናኑ እጇን በላት። ትንሽ ብትቀባውስ? ጫፉን ብቻ?

«ተይው፣ እናኑ፣ ተይው!» አለች ለራሷ። እስቲ እናንተም በሉላት። «ተይው፣ እናኑ፣ ተይው!»

ጨርቁ ወደ ነጩ ቀረበ… ቀረበ… በጣም ቀረበ… «ተይው፣ እናኑ፣ ተይው!»

ተወችው። ጎበዝ!

እማዬ መጣችና በላይዋ ጎንበስ ብላ አየች። «ውይ! ምን ያለ ጨለማ ነው!» አለች። «ለተከፋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል? ይልቅ አበባ ብትሥዪላቸው አይሻልም?»

እናኑ ሥዕሉን ደግማ አየችው። እውነት ጨለማ ብቻ ቢሆንስ? አባባን ይብስ ቢያስከፋቸውስ?

«እማዬ፣ በቅርብ አትዪው» አለች። «እስቲ በሩ ጋ ሂጂና እዪው።»

እማዬ በሩ ጋ ሄደች። ዞር ብላ አየች። ከሩቅ ነጩ ያበራል። ቀስ ብላ ሄዳ ከቡሃቃው ሊጥ አመጣች።

«እዚህ እንለጥፈው» አለች እማዬ፤ ከአልጋው ማዶ ያለውን ግድግዳ እያሳየች። «እሱን ለማየት ብለው እንኳ ይዞሩ ይሆናል።»

«አይ፣ እማዬ» አለች እናኑ። «አባባ መዞር ደክሟቸዋል። እሳቸው የሚያዩበት ግድግዳ ላይ እንለጥፈው።»

አባባ ሙጬ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እናኑ በእግራቸው በኩል አልጋው ላይ ወጣች። በሊጡ ሥዕሉን ለጠፈችው፤ ከፊታቸው፣ በጣም ከቅርብ ሳይሆን ከፍ አድርጋ።

ከዚያ ወርዳ ተቀመጠች። ጠበቀች። እማዬም ቆማ ጠበቀች።

ጠብ! ጠብ! ጠብ!

አባባ ሙጬ ዓይናቸውን ገለጡ።

አዩ። አሁንም አዩ። ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተፈታ።

«ጎህ ቀደደ እንዴ?» አሉ።

እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። እናኑ ልቧ ድው! ድው! ድው! አለባት።

«አዎ፣ አባባ። ነግቷል» አለች። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ግን ማን ይከራከራል!

አባባ ሙጬ ጣታቸውን አነሡ። «ንፋስ አለ» አሉ። «ደንገሉ ጎንበስ ብሏል። ከተራራው በኩል ነው የሚነፍሰው። በዚህ ንፋስ መጠንቀቅ ነው።»

ትንሽ ቆዩና ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ታንኳው የታለ?»

«ረሳሁት!» አለች እናኑ።

«ታንኳ ይረሳል? የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሉ አባባ ሙጬ። «ነውር ነው! ቶሎ ከሰል አምጪልኝ! አንቺም ነይ እስቲ፣ ደግፊኝ።» ሁለተኛውን ያሉት ለእማዬ ነው።

እማዬ ከኋላ ደገፈቻቸው። እናኑ ከሰሉን ሰጠቻቸው። አባባ ሙጬ ብርሃኑ መሐል አንድ ትንሽ ታንኳ ሣሉ። መስመሩ ተጣሟል፤ ታንኳ ግን ታንኳ ነው።

ታንኳው ፊት ላይ አንዲት ትንሽዬ ሰው አስቀመጡ።

«ይቺ ማናት?» አለች እናኑ።

«አንቺ ነሻ!»

ከኋላ ደግሞ ጎበጥ ያለ ሰው ሣሉ።

«እሱስ?»

«እኔ ነኛ! ያለእኔ ወዴት ትሄጃለሽ?»

እማዬ ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች፤ ትልልቅ ሰዎች አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋቸዋል። አጥሚቱን አሙቃ አመጣች።

አባባ ሙጬ ጠጡ። ሁሉንም ጨረሱት ብዬ አልዋሻችሁም። ግማሹን ጠጡ። ግማሹም ብዙ ነው።

ዝናቡ አላቆመም። ሐይቁም ከአሮጌው ቤት አልወጣም። የአባባ እግርም እንደማይነሣ እናኑ ታውቃለች፤ ማንም ባይነግራትም ታውቃለች።

መሸ። እናኑ አባባ ሙጬ እግር ሥር ተጠቅልላ ተኛች። ድመቷም መጣችና እሷ እግር ሥር ተጠቀለለች።

አባባ ሙጬ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዛሬ ግን እዚያ ሐይቅ አለ።

«አባባ?» አለች እናኑ።

«ወዬ?»

«ነገ ወዴት እንሄዳለን?»

«ወደ ደሴቱ እንሻገራለን።»

እናኑ ሥዕሉን በጨለማው ውስጥ አጨንቁራ አየችው። አንድ ነገር አሳሰባት።

«መቅዘፊያ የለንም እኮ፣ አባባ።»

አባባ ሙጬ ዝም አሉ። እናኑ ትንፋሿን ያዘች። ያ ዝምታ ተመለሰ ብላ ፈራች።

አባባ ግን እያሰቡ ነበር።

«ሲነጋ እሥለዋለሁ» አሉ። «አንቺ ተኚ።»